ከልጅ ጋር የባልቲክ ክሩዝ መስመር አመራረጥ፦ ከቪዛ እስከ ወደቡ በር

በባልቲክ ባሕር ዙሪያ ያሉት ከተሞች ተቀራራቢ በመሆናቸው መርከቡ ማታ ከአንዱ ዋና ከተማ ተነሥቶ ጠዋት ሌላው ደጃፍ ላይ ይደርሳል። በየሆቴሉ ሻንጣ መፍታትና መቋጠር የለም፤ ልጁም ከጉዞው መጀመሪያ እስከ መጨረሻ በለመደው አንድ አልጋ ያድራል። ልጅ ላለው ቤተሰብ የክሩዝ፣ ማለትም በመርከብ እያደሩ ከወደብ ወደ ወደብ የመጎብኘት፣ ትልቁ ጥቅም ይህ ሲሆን፣ ይህን ጥቅም የሚያስቀረው ደግሞ ያለ ሒሳብ የተመረጠ መስመር ነው። ማስታወቂያዎቹ «በ7 ሌሊት 6 አገር» እያሉ የወደብ ብዛት ይቆጥራሉ። ወላጅ መቁጠር ያለበት ግን ልጁ ከመርከቡ መሰላል ከወረደበት ቅጽበት አንሥቶ የሚጫወትበት ቦታ እስኪደርስ የሚያልፈውን ደቂቃ ነው። ከዚህ በታች ያለው ሁሉ የሚነሣው ከዚህ ቆጠራ ነው።

አስቀድሞ አንድ ነገር መጥራት አለበት። የቆዩ መመሪያዎችና የቀድሞ ተጓዦች ስለ ባልቲክ ሲያወሩ ዋነኛው መዳረሻ ሴንት ፒተርስበርግ ነበር፤ መርከቦችም በአብዛኛው እዚያ አንድ ወይም ሁለት ሌሊት ያድሩ ነበር። ከ2022 ወዲህ ታላላቆቹ የምዕራብ ኩባንያዎች ወደ ሩሲያ መሄድ ስላቆሙ በቦታው የስዊድኗ ቪስቢ፣ የዴንማርኳ ቦርንሆልም፣ የላትቪያዋ ሪጋ፣ የሊትዌኒያዋ ክላይፔዳና የፖላንዷ ግዲንያ ተተክተዋል። ብዙ ሰው ይህን እንደ ጉድለት ያየዋል፤ ለእኔ ግን ልጅ ለያዘ ቤተሰብ ትርፍ ነው። የሩሲያ ቪዛ ያልያዘ ተሳፋሪ ያኔ ከተማዋን ማየት የሚችለው ከተደራጀ አስጎብኚ ቡድን ጋር ብቻ ስለነበር፣ የአራት ዓመት ልጅ ከአርባ ጎልማሶች ጋር ከቤተ መንግሥት ወደ ቤተ መንግሥት ሲጎተት ይውል ነበር። አዲሶቹ ወደቦች ትንንሾች ናቸው፤ በራስ ጊዜ በእግር ይዞራሉ።

በዚህ ጽሑፍ የተጠቀሱት ሰዓቶች በእኛ አቆጣጠር፣ ዓመታቱና ወራቱ ግን በአውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው። በመርከቡ ወረቀት ላይ 16:30 ተብሎ የሚጻፈው የመመለሻ ሰዓት ለእኛ ከቀኑ 10:30 ነው። አያት ወይም አክስት አብረው የሚጓዙ ከሆነ ይህን በወረቀት ጽፎ በቦርሳቸው ማስቀመጥ ብዙ ድንጋጤ ያድናል፤ መርከብ በራሱ ጊዜ ለዘገየ ሰው አይጠብቅምና።

አንደኛ፦ የልጁን ቀን በወረቀት ማስፈር

ካርታ ከመዘርጋትዎ በፊት የልጅዎን ተራ ቀን ይጻፉ፤ በስንት ሰዓት ይነሣል፣ ቀን ይተኛል ወይ፣ ሳያጉረመርም ስንት ሰዓት ይራመዳል፣ አውቶቡስ ውስጥ ስንት ደቂቃ ይቀመጣል። ይህ ዝርዝር በኋላ ወደቦቹን የምንመዝንበት ሚዛን ይሆናል።

ዕድሜ ራሱ በር የሚዘጋበት ቦታም አለ። አብዛኞቹ ኩባንያዎች ከስድስት ወር በታች ያለ ሕፃን አያሳፍሩም፤ ውቅያኖስ በሚያቋርጡና በተከታታይ ብዙ ቀን ባሕር ላይ በሚዋልባቸው ጉዞዎች ደግሞ ወለሉ ወደ አንድ ዓመት ከፍ ይላል። የሚቆጠረው በሚከፍሉበት ቀን የነበረው ዕድሜ ሳይሆን መርከቡ በሚነሣበት ዕለት ያለው ነው። በመርከቡ ላይ ያለው የልጆች ክበብ በብዛት የሚቀበለው ሦስት ዓመት የሞላውንና ከዳይፐር የወጣውን ልጅ ነው። ገና ዳይፐር ላይ ያለ ልጅ በብዙ መርከቦች ዋናው መዋኛ ውስጥ እንዲገባ አይፈቀድለትም፤ የመዋኛ ዳይፐር ቢደረግለትም እንኳ። ስለዚህ የሁለት ዓመት ልጅ ያለው ቤተሰብ «ልጁን ክበቡ ይይዝልናል፣ ውኃ ውስጥ ይጫወታል» ብሎ ካቀደ ሁለቱም ሳይሆኑ ይቀራሉ። የሕፃናት ማቆያና ለዳይፐር ልጆች የተለየ የውኃ መጫወቻ ያላቸው መርከቦች ስላሉ ይህን አስቀድሞ ጠይቆ በጽሑፍ መልስ ማግኘት ያስፈልጋል።

በእኔ ግምት ለዚህ ባሕር የሚስማማው ዕድሜ ከአምስት እስከ አሥር ነው፤ ልጁ ይራመዳል፣ የሰመጠ መርከብና የጦር ግንብ ታሪክ ይማርከዋል፣ ክበቡም ይቀበለዋል። ከአንድ ዓመት በታች ያለ ሕፃንም በማዘያ ከታዘለ ከሚፈራው በላይ ቀላል ነው። የሚከብደው በሁለቱ መካከል ያለው ዕድሜ ነው።

ሁለተኛ፦ ቪዛና የጉዞ ሰነድ

ዴንማርክ፣ ስዊድን፣ ፊንላንድ፣ ኢስቶኒያ፣ ላትቪያ፣ ሊትዌኒያ፣ ፖላንድና ጀርመን ሁሉም የሼንገን አባል በመሆናቸው ከኮፐንሃገን ተነሥቶ ወደ ኮፐንሃገን የሚመለስ መስመር በአንድ የሼንገን ቪዛ ያልቃል። የኢትዮጵያ ፓስፖርት የያዘ ሰው አሜሪካ ግሪን ካርድ ቢኖረውም፣ በባሕረ ሰላጤው አገሮች የመኖሪያ ፈቃድ ቢይዝም ይህ ቪዛ ያስፈልገዋል። የአሜሪካና የእስራኤል ፓስፖርት ያላቸው ለአጭር ጉብኝት ቪዛ አይጠየቁም። በአንድ ቤት ውስጥ አባት በኢትዮጵያ፣ ልጅ በአሜሪካ ፓስፖርት የሚጓዙበት ጊዜ ብዙ ስለሆነ የእያንዳንዱ ሰው ሁኔታ ለየብቻ ይታይ።

ማመልከቻው ከጉዞው ስድስት ወር ቀድሞ ጀምሮ ማስገባት ይቻላል፤ ለሕክምና ቢያንስ 30,000 ዩሮ የሚሸፍን የጉዞ ዋስትናም ይጠይቃል። ክፍያው ከሰኔ 2024 በአውሮፓውያን አቆጣጠር ጀምሮ ለአዋቂ 90 ዩሮ፣ ከ6 ዓመት እስከ 12 ላልሞላው ልጅ 45 ዩሮ ሲሆን ከ6 ዓመት በታች ያለ ልጅ አይከፍልም። ማመልከቻው የሚገባው ብዙ ቀን ለሚቆዩበት አገር ነው፤ የቀኖቹ ብዛት እኩል ከሆነ መጀመሪያ ለሚገቡበት። በክሩዝ ጉዞ ቀኖቹ እኩል መሆናቸው የተለመደ ስለሆነ፣ መነሻ ወደብዎ ኮፐንሃገን ከሆነ አብዛኛውን ጊዜ ጉዳዩ ወደ ዴንማርክ ይሄዳል ማለት ነው። መስመሩ ከእንግሊዟ ሳውዝሃምፕተን የሚነሣ ከሆነ ግን ሁለት ነገር ይጨመራል፤ አንድ የእንግሊዝ ቪዛ፣ ሁለት ብዙ ጊዜ የሚያስገባ የሼንገን ቪዛ። የኢትዮጵያ ፓስፖርት ላለው ቤተሰብ ይህ ብቻውን ሳውዝሃምፕተንን ከዝርዝሩ ለማውጣት በቂ ምክንያት ነው።

ልጁ ከአንድ ወላጅ ወይም ከአያት ጋር ብቻ የሚጓዝ ከሆነ የቀረው ወላጅ ፈቃድ በሕጋዊ መንገድ ተረጋግጦ መያዝ አለበት። በእኛ ስም አወጣጥ የእናትና የልጅ ስም ስለማይገጥም የልደት ምስክር ወረቀቱን ትርጉም አብሮ መያዝ በመሳፈሪያው ጠረጴዛ ላይ ረጅም ማብራሪያ ያስቀራል።

ሦስተኛ፦ መነሻ ወደብ

መነሻው የሚወስነው የአውሮፕላን ትኬቱን ብቻ ሳይሆን የባሕሩንም ጠባይ ነው። ባልቲክ በየብስ የተከበበና ጥልቀቱ አነስተኛ ስለሆነ በአውሮፓ የበጋ ወራት ብዙውን ጊዜ ይረጋጋል። ከሳውዝሃምፕተን የሚነሣ መርከብ ግን ወደዚህ ባሕር ለመግባት መጀመሪያ የሰሜን ባሕርን ማቋረጥ አለበት፤ ሲሄድም ሲመለስም ባሕር ላይ የሚዋልባቸው ቀኖች ይጨመራሉ፣ ጉዞውም ወደ ሁለት ሳምንት ይጠጋል። የመርከብ ሕመም በብዛት የሚጠናባቸው ከሁለት እስከ አሥራ ሁለት ዓመት ያሉ ልጆች ናቸው፤ መኪና ውስጥ የሚያስመልሰው ልጅ ካለዎት ከኮፐንሃገን፣ ከስቶክሆልም ወይም ከጀርመኖቹ ኪልና ዋርነሙንደ የሚነሣውን መምረጥ ይሻላል።

ከእነዚህም ውስጥ እኔ የማስቀድመው ኮፐንሃገንን ነው። አየር ማረፊያውና ከተማው በሜትሮ የተገናኙ ናቸው፤ አንድ ሌሊት ቀድሞ ገብቶ ማደር ለልጁም እረፍት ይሆናል፣ አውሮፕላን ቢዘገይም መርከብ አያመልጥም። በ1843 የተከፈተው የቲቮሊ መዝናኛ ከዋናው ባቡር ጣቢያ ፊት ለፊት ስለሆነ ያ ትርፍ ቀን ባዶ አይሆንም። መጠንቀቅ የሚገባው የመርከቡ መቆሚያ ላይ ነው። ላንገሊኒ የሚባለው ከትንሿ የባሕር ልጃገረድ ሐውልት አጠገብ ሲሆን፣ ትልልቆቹ መርከቦች የሚቆሙበት ኦሽንካይ ግን ከከተማው ወደ ሰሜን የራቀ ነው። ለሐውልቷ ብለው ልጁን ብዙ እንዳያጓጉት እመክራለሁ፤ ቁመቷ 1 ሜትር ከ25 ሴንቲ ነው፣ ሴት ልጄ «ይቺ ናት?» ብላ ፊቷን ወደ አይስክሬም ሻጩ አዞረች።

በኪል ወይም በዋርነሙንደ የሚጀምሩት በጀርመን ኩባንያዎች የሚካሄዱ ጉዞዎች ዋጋቸው ደህና ቢሆንም በመርከቡ ላይ ያለው የልጆች ክበብ በጀርመንኛ ሊሆን ይችላል። ጀርመን ለሚኖር ሐበሻ ቤተሰብ ይህ ጥቅም ነው፤ ከሌላ አገር ለሚመጣ ልጅ ግን አንድ ሳምንት ሙሉ ሰው የሚለውን ሳይሰማ መዋል ነው።

አራተኛ፦ የወደቦቹን ዝርዝር ማንበብ

እዚህ ላይ ረዘም ብለን እንቆይ፤ ምርጫው የሚበላሸው እዚህ ነውና። በኩባንያው ዝርዝር ላይ የሚጻፈው የከተማ ስም መርከቡ የሚቆምበት ቦታ ላይሆን ይችላል። «በርሊን» የተባለው ዋርነሙንደ ነው፤ ከዚያ በርሊን በአንድ አቅጣጫ ሦስት ሰዓት ያህል ይወስዳል። «ስቶክሆልም» የተባለው አንዳንድ ጊዜ ከከተማው 60 ኪሎ ሜትር ያህል የሚርቀው ኒኔስሃምን ነው፤ በተጓዦች ባቡር አንድ ሰዓት ይፈጃል። «ግዳንስክ» የተባለውም በአብዛኛው ግዲንያ ነው። ስለዚህ ከስሙ ቀጥሎ የተጻፈውን ትንሹን ጽሑፍ ያንብቡ፤ ካልተጻፈ ይጠይቁ።

እኔ ራሴ በዚህ ተሸውጃለሁ። የአምስት ዓመት ልጄን ይዤ በዋርነሙንደ ስንቆም ለበርሊን ጉብኝት ከፍለን አውቶቡስ ተሳፈርን፤ ሦስት ሰዓት ሄድን፣ በብራንደንቡርግ በር ፊት ስንደርስ ልጁ ትከሻዬ ላይ ተኝቶ ነበር፣ ሦስት ሰዓት ተመለስን። ማታ ከመርከቡ በረንዳ ላይ ሆነን ሌሎች ልጆች ባልዲና አካፋ ይዘው ከባሕር ዳርቻው ሲመለሱ አየን። ያ ሰፊ የአሸዋ ዳርቻ ከመርከቡ በእግር ሩብ ሰዓት አይርቅም። ዋርነሙንደ ራሱ ለልጅ የተሠራ ቀን ነው፤ አሸዋ፣ የመብራት ማማ፣ በወንዙ ዳር ዓሣ የሚሸጡ ጀልባዎች። በርሊንን ለማየት የሚፈልግ ቤተሰብ ሌላ ጊዜ በአውሮፕላን ይሂድ።

ከወደቦቹ ሁሉ ልጅ ለያዘ ሰው የሚቀለው የኢስቶኒያው ታሊን ነው። መርከቡ ከአሮጌው ከተማ አንድ ኪሎ ሜትር ያህል ርቀት ላይ ይቆማል፤ ወርዶ በእግር መግባት ነው። ግንቦቹና ሾጣጣ ጣሪያ ያላቸው ማማዎቹ የተረት መጽሐፍ ሥዕል ይመስላሉ። ነገር ግን መንገዱ አዲስ አበባ ላይ እንደምናውቀው የተስተካከለ ኮብልስቶን ሳይሆን ክብ ክብ ያለ የጥንት ድንጋይ ስለሆነ ትንንሽ ጎማ ያላት ተጣጣፊ ጋሪ በየእርምጃው ትቀረቀራለች፤ ሕፃን ከሆነ ማዘያ ይዘው ይውረዱ። ከሁለት ሰዓት በኋላ ልጁ በአሮጌ ድንጋይ ሲሰለች ወደ ባሕር አውሮፕላን ማረፊያው ሙዚየም ወደ ሌኑሳዳም ይውሰዱት። በ2012 የተከፈተው ይህ ሙዚየም በ1936 የተሠራውን ሌምቢት የተባለ የባሕር ሰርጓጅ በአዳራሹ መካከል አቁሞታል፤ ልጆች በጠባቡ በር ገብተው ወታደሮቹ የተኙበትን አልጋና የቶርፔዶውን ቱቦ ያያሉ። ውጭ በረዶ ሰባሪ መርከብ ቆሟል።

ስቶክሆልምን በተመለከተ መጠየቅ ያለበት «መርከቡ ከተማው ውስጥ ይቆማል ወይ?» የሚለው ነው። በከተማው መሐል ስታድስጎርደን ከቆመ ቀኑ ሌላ ቀን ይሆናል። ከአቅራቢያው ከስሉሰን በትንሽ ጀልባ ወደ ዩርጎርደን ደሴት ይሻገራል፤ የጀልባው ጉዞ ራሱ ለልጅ ጨዋታ ነው። እዚያ የቫሳ ሙዚየም አለ። ይህ የጦር መርከብ በ1628 የመጀመሪያ ጉዞውን ጀምሮ 1,300 ሜትር ያህል እንደሄደ ሰጠመ፤ ከ333 ዓመት በኋላ በ1961 ከባሕር ወጣ። ልጁ ጨለም ባለው አዳራሽ ገብቶ ቀና ሲል ከእንጨት የተሠራ ግዙፍ መርከብ ከነቅርጻ ቅርጹ በላዩ ቆሞ ያገኘዋል። ልጄ ለመጀመሪያ ጊዜ ድምፁን ዝቅ አድርጎ ያወራው እዚያ ነው፤ ከዚያም «ለምን ሰጠመ?» እያለ እስከ ማታ ጠየቀ። መልሱም ለልጅ የሚገባ ነው፦ ከላይ ከብዶ ከታች የሚያረጋው ክብደት አነሰው። ለልጆችና ለወጣቶች መግቢያው ነፃ ነው። ከቫሳ በእግር የሚደረስ የልጆች ተረት ቤት የሆነው ዩኒባከን አለ፤ ትንሽ ወደ ፊት ደግሞ በ1891 የተከፈተው ስካንሰን ድቦችና የሰሜን አጋዘኖች የሚታዩበት ደጅ ላይ ያለ ሙዚየም ነው። ከሦስቱ ሁለቱን ብቻ ይምረጡ።

መርከቡ በከተማው ሲቆም ሌላም ስጦታ አለ። ወደ ስቶክሆልም የሚገባው በሺህ በሚቆጠሩ ደሴቶች መካከል ለብዙ ሰዓት ቀስ እያለ ነው። ከጠዋቱ 12 ሰዓት ላይ ልጁን ብርድ ልብስ ጠቅልለው ወደ መርከቡ ፊት ያውጡት፤ በእያንዳንዱ ድንጋይ ላይ ያለችውን ቀይ ቤትና ባንዲራዋን መቁጠር ከማንኛውም ክፍያ የሚጠይቅ ጉብኝት ይበልጣል። በጣም ትልልቅ መርከቦች ግን በዚህ ጠባብ መንገድ ለማለፍ ስለሚቸገሩ ነው ኒኔስሃምን የሚቆሙት፤ የመርከቡ መጠን የወደቡን ቦታ እንደሚወስን ልብ ይበሉ።

ሄልሲንኪ ላይ ትልልቆቹ መርከቦች የሚቆሙት ሄርነሳሪ ሲሆን ወደ ገበያው አደባባይ በአውቶቡስ መሄድ ያስፈልጋል። ከአደባባዩ በ15 ደቂቃ ጀልባ ወደ ሱኦመንሊና ይደረሳል፤ በ1748 መገንባት የተጀመረ የደሴት ምሽግ ነው። የእጅ ባትሪ ይዘው ይሂዱ፤ ልጆች የሚሯሯጡባቸው ጨለማ ዋሻዎች አሉት። ዝናብ ከጣለ በ2018 የተከፈተው ኦዲ ቤተ መጻሕፍት ለሁሉም ክፍት ነው፣ ሦስተኛው ፎቅ ላይም ለልጆች የተዘጋጀ ቦታ አለው። የሊናንማኪ መዝናኛ ቅጥር መግቢያ አያስከፍልም፤ የሚከፈለው ለመጫወቻዎቹ ነው።

ቪስቢ በጎትላንድ ደሴት ላይ ያለች፣ 3.4 ኪሎ ሜትር ያህል ርዝመት ያለው የድንጋይ ግንብ የከበባት ከተማ ናት። ከ2018 ጀምሮ ትልልቅ መርከቦች የሚጠጉበት መቆሚያ ስላላት ቀድሞ እንደነበረው በትንንሽ ጀልባ መሻገር አስፈላጊ አልሆነም። በትንሽ ጀልባ መሻገር ጋሪ ላለው ቤተሰብ ሰልፍና መጨናነቅ ስለሆነ በሌሎች ወደቦችም ይህን መጠየቅ አይጎዳም። ክላይፔዳ ላይ በአጭር ጀልባ ተሻግሮ በአሮጌ ምሽግ ውስጥ ወዳለው የባሕር ሙዚየም መሄድ ይቻላል። ግዲንያ ላይ ደግሞ ግዳንስክን ትተው በከተማው ዳርቻ የቆሙትን ሁለት የሙዚየም መርከቦችና የዓሣ ማሳያውን ቢያዩ ቀኑ ይበቃል። ሪጋ ውብ ናት፤ ውበቷ ግን በሕንፃ ፊት ላይ ስለሆነ ከልጁ ይልቅ ወላጁ ነው የሚደሰትባት።

አምስተኛ፦ ሁለት መስመር ጎን ለጎን

ምሳሌ እንውሰድ፤ ሁለቱም ከኮፐንሃገን የሚነሡ የ7 ሌሊት ጉዞዎች ይሁኑ። የመጀመሪያው በዋርነሙንደ፣ በግዲንያ፣ በክላይፔዳ፣ በሪጋና በኒኔስሃምን በተከታታይ ይቆምና አንድ ቀን ባሕር ላይ ውሎ ይመለሳል። ሁለተኛው አንድ ቀን ባሕር ላይ ይውልና ታሊን፣ ሄልሲንኪ፣ ስቶክሆልም ከተማው ውስጥ፣ ከዚያ ቪስቢ ቆሞ ሌላ ቀን ባሕር ላይ ውሎ ይገባል። በወረቀት ላይ የመጀመሪያው አንድ ወደብ ይበልጣል። ስሞቹን አምኖ በርሊንን፣ ግዳንስክንና ስቶክሆልምን አያለሁ ያለ ቤተሰብ ግን ለበርሊን 6 ሰዓት፣ ለስቶክሆልም ከ2 ሰዓት በላይ፣ ለግዳንስክም ከ1 ሰዓት በላይ፣ በድምሩ ወደ 10 ሰዓት ገደማ በመኪናና በባቡር ያሳልፋል። ሁለተኛውን የመረጠ ቤተሰብ የሚያጠፋው ሁለት ሰዓት ያህል ነው። አምስት ቀን በተከታታይ በጠዋት መነሣት የደከመው ልጅ ስድስተኛው ቀን ላይ እንዴት እንደሚሆን ወላጅ ያውቀዋል፤ ባሕር ላይ የሚዋልበት ቀን መሐል ላይ ወይም መጀመሪያ ላይ ሲሆን ይመረጣል።

ለእያንዳንዱ ወደብ ሒሳቡን እንዲህ ይሥሩ። መርከቡ ከጠዋቱ 2 ሰዓት ገብቶ ከቀኑ 11 ሰዓት የሚነሣ ከሆነ 9 ሰዓት አለ። ቁርስ ተበልቶ እስኪወረድ 1 ሰዓት፣ ቀድሞ ለመመለስ 1 ሰዓት ይቀነስ፤ 7 ቀረ። ከዚህ የመንገዱን ሰዓት፣ ልጁ በጋሪ የማይተኛ ከሆነም የእንቅልፉን ሰዓት ይቀንሱ። የቀረው ከ3 ሰዓት በታች ከሆነ ያ ወደብ ለእርስዎ ቤተሰብ ከተማ ሳይሆን መንገድ ነው።

ስድስተኛ፦ ወቅቱ

የባልቲክ ክሩዝ ወቅት በአብዛኛው ከግንቦት እስከ መስከረም ነው። በሐምሌ የቀኑ ሙቀት ብዙውን ጊዜ ከ20 እስከ 23 ዲግሪ ነው፤ ዝናብም አይጠፋም፤ ለአዲስ አበባ ሰው የሚለመድ አየር ነው፣ ከዱባይ ለሚመጣ ልጅ ግን ሹራብ ያስፈልጋል። በሰኔ አጋማሽ ሄልሲንኪ ላይ ፀሐይ 19 ሰዓት ያህል ስለምትቆይ ልጁ «ገና ቀን ነው» ብሎ አልተኛም ይላል። በዚህ ምክንያት መስኮት የሌለው የውስጥ ካቢን (የመርከብ መኝታ ክፍል)፣ በርካሽነቱ ብቻ ሳይሆን በጨለማነቱም፣ ለሕፃን ይመቻል። በተጨማሪ ፊንላንድና ሦስቱ የባልቲክ አገሮች ከስዊድንና ከዴንማርክ በአንድ ሰዓት ስለሚቀድሙ የመርከቡ ሰዓት በጉዞው መካከል ይለወጣል። ስልክዎን ሳይሆን በመርከቡ ላይ የሚታወጀውን ሰዓት ይከተሉ።

በአውሮፓውያን ሰኔ 19 እና 26 መካከል በሚውለው የበጋ አጋማሽ በዓል በስዊድንና በፊንላንድ ብዙ ሱቅ ይዘጋል፤ ያ ሳምንት ዋጋው ቢወርድም መጀመሪያ የሚሄዱበት ቦታ ክፍት መሆኑን ያረጋግጡ።

ለኦርቶዶክስ ቤተሰብ ደግሞ የፍልሰታ ጾም በአውሮፓውያን ነሐሴ 7 ስለሚጀምር ከክሩዙ ዋና ወቅት ጋር ይገጥማል፤ የሐዋርያት ጾምም እስከ ሐምሌ 12 ይዘልቃል። ፍልሰታን ልጆችም ስለሚጾሙ ነገሩ የወላጅ ብቻ አይደለም። ለኩባንያው «ጾም ነው» ማለት ምንም አይነግራቸውም፤ «ቪጋን፣ ያለ ቅቤና ያለ እንቁላል» ብለው ቦታ ሲይዙ ያስመዝግቡ፣ በመጀመሪያው ማታም ለምግብ ቤቱ ኃላፊ ይድገሙለት። አትክልቱ በቅቤ ተጠብሶ የሚቀርበው ሳይጠየቅ ሲቀር ነው። ሐላል ምግብ የሚፈልግም ቤተሰብ እንዲሁ ከሳምንታት በፊት ማስታወቅ ይኖርበታል።

ሰባተኛ፦ መርከቡና ሒሳቡ

የዚህ ባሕር አየር አይታመንምና ጣሪያው የሚዘጋ መዋኛ ያለውን መርከብ ይፈልጉ፤ ለካሪቢያን ፀሐይ የተሠራ ክፍት መርከብ በ16 ዲግሪ ዝናብ ለልጅ እስር ቤት ነው። ካቢኑ በመርከቡ መሐልና ወደ ታች ባለ ፎቅ ቢሆን መናወጡ ይቀንሳል። አራት ሰው የሚይዝ አንድ ካቢንና በውስጥ በር የሚገናኙ ሁለት ካቢኖች ዋጋቸው ተነጻጽሮ ይታይ፤ አንዳንድ ጊዜ ልዩነቱ ከሚገመተው ያነሰ ነው፣ ሁለተኛ መታጠቢያ ቤት ደግሞ ጠዋት ጠዋት ዋጋው ይታወቃል።

«ልጅ በነፃ» የሚለው ማስታወቂያ በብዛት የካቢኑን ዋጋ ብቻ ነው የሚመለከተው። የወደብ ቀረጥ ይከፈላል፤ በብዙ ኩባንያዎች ዕለታዊው የአገልግሎት ክፍያም በልጁ ስም ይቆረጣል። የመርከቡ ክሊኒክ በገንዘብ ነው የሚያክመው። ስልኩን መርከቡ ሲነሣ ወደ አውሮፕላን ሁኔታ ይቀይሩት፤ በባሕር ላይ ያለው የስልክ መረብ ሒሳብ ከጉብኝት ዋጋ ሊበልጥ ይችላል። በየብስ ላይ ዴንማርክና ስዊድን የየራሳቸው ክሮነር፣ ፖላንድ ዝሎቲ፣ ሌሎቹ ዩሮ ቢጠቀሙም ካርድ በሁሉም ቦታ ይሠራል፤ በስዊድን ብዙ ቦታ ጥሬ ገንዘብ አይቀበሉም።

ልጁ ባሕርን እንዴት እንደሚቀበለው ለማያውቅ፣ በተለይም ዘመድ ስዊድን ላለው ቤተሰብ፣ ከስቶክሆልም ወደ ሄልሲንኪ በአንድ ሌሊት የሚሻገሩት ትልልቅ የመንገደኛ መርከቦች ጥሩ መፈተኛ ናቸው። የልጆች መጫወቻ አላቸው፣ በዚያው የደሴቶች መንገድ ይወጣሉ፣ ዋጋቸውም ከክሩዝ ጋር አይወዳደርም። ልጁ በዚያ ሌሊት ተኝቶ ካደረ የሰባቱን ሌሊት ቅድሚያ ክፍያ ይክፈሉ፤ ከመክፈልዎ በፊት ግን የእያንዳንዱን ወደብ መቆሚያ ስም በካርታ ላይ አግኝተው፣ ከዚያ እስከ መጀመሪያው መጫወቻ ያለውን መንገድ በጣትዎ ይከተሉት፣ በልጁ ስም የተጻፈው ፊደልም ከፓስፖርቱ ጋር አንድ በአንድ መግጠሙን ይዩ።